የሥልጣን መጋራት መንግሥትን ዜና እንዴት እንከታተል፦ ጠቡን ሳይሆን ውሉን ማንበብ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ፣ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ቡና እስኪፈላ የምንቀር ጥቂት ጎረቤቶች አለን። ከመካከላችን አንዱ ልጁ ጁባ ውስጥ ሆቴል የሚሠራ አባት ነው። ከደቡብ ሱዳን መጥፎ ዜና በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር፣ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ጋሼ፣ ልጁን ና ልበለው ወይስ ይቆይ?» ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእርሱና እርሱን ለመሰሉ ሰዎች ነው። ሁለት ባላንጣዎች ሥልጣን ተጋርተው በሚያስተዳድሩት አገር ውስጥ ጠብ የሌለበት ሳምንት የለም፤ ስለዚህ ጠብ መኖሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ልንለየው የሚገባን ነገር ቢኖር የትኛው ጠብ እንደ ማንኛውም የባልና ሚስት ክርክር የሚያልፍ፣ የትኛው ደግሞ ቤቱን የሚያፈርስ እንደሆነ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና የስምምነቱ ሰነድ፤ ሰነዱ ካልተገኘ ደግሞ ዋና ዋና አንቀጾቹን የሚያስረዳ አስተማማኝ ጽሑፍ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከንግግር ሳይሆን ከውል መጀመር

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የመሪዎችን ፊትና ቃል በመመርመር ስለምንጀምር ነው። እጅ ተጨባበጡ ሲባል ደስ ይለናል፤ ተዘላለፉ ሲባል እንደነግጣለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬ፣ አካሄዴን ያስቀየረኝ የራሳችን ሰፈር ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት ሁለት ዕድሮች ተዋሕደው አንድ ሲሆኑ፣ የዳኝነቱ ቦታ ለአንደኛው፣ የገንዘብ ያዥነቱ ለሌላኛው እንዲሆን ተስማማን፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ሽማግሌዎች መረቁ። ሆኖም ድንኳኖቹ፣ ወንበሮቹና ብረት ድስቶቹ እስከ መቼ ወደ አንድ መጋዘን እንደሚገቡ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ባይገቡ ደግሞ ማን እንደሚጠየቅ አልተጻፈም ነበር። በመጀመሪያው ክረምት የሁለት ቤት ለቅሶ በአንድ ሳምንት ሲገጥም የየራሱን ድንኳን የያዘው ወገን ለየራሱ ሰው ተከለ፤ ከዚያ በኋላ ለመተማመን ሁለት ዓመት ፈጀብን። ክፉ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ቀን፣ ያዥና ዋስ የሌለው ቃል ግን ነበረ።

እነዚህን ሦስቱን ነው በደብተራችሁ የምትጽፉት። ከስምምነቱ አንቀጾች ውስጥ ዋና ዋናዎቹን በግራ በኩል አስፍሩ፤ በየአንቀጹ ፊት ለፊት ቀኑ መቼ ነው፣ ነገሩን አሁን በእጁ የያዘው ማነው፣ ቃሉ ቢፈርስ ዋሱ ማነው ብላችሁ መልሱን ጻፉ። አባቶቻችን ያለ ዋስ ውል አይዋዋሉም ነበር፤ ይህ ሥርዓት በመንግሥታት መካከል ሲሆን የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስፈልግም። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ሆኖ የቀረበትን መስመር አስምሩበት። አለመተማመኑ የሚፈላው እዚያ ነው።

ጠመንጃው በስንት እጅ ነው?

ከሁሉም አስቀድማችሁ የጦሩን መስመር ሙሉ፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው። በአፍሪካ ከታዩት የሥልጣን መጋራት መንግሥታት ሦስቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

በኬንያ ከታኅሣሥ 2007ቱ ምርጫ በኋላ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በኮፊ አናን አደራዳሪነት በየካቲት 28 ቀን 2008 ስምምነት ተፈረመ። ምዋይ ኪባኪ ፕሬዚዳንት ሆነው ቀጠሉ፤ የምርጫው ተፎካካሪያቸው ራይላ ኦዲንጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱ ወገኖች በሚኒስቴሮች ድልድል ለሳምንታት ተጨቃጭቀው በሚያዝያ ወር 40 ሚኒስትሮች ያሉት ካቢኔ ተሰየመ። ከዚያ በኋላም ጠቡ አልቆመም፤ በየካቲት 2010 ኦዲንጋ ሁለት ሚኒስትሮችን ማገዳቸውን ሲያስታውቁ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዕለት ውሳኔውን ሻሩት። ነገር ግን ሁለቱም የየራሳቸው ጦር አልነበራቸውም፤ የአገሪቱ ሠራዊት አንድ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር አዲሱ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ ወጣ። የተጣሉት ሰዎች ጠባቸውን እንደያዙ ሥራውን ጨረሱ ማለት ነው።

በዚምባብዌ በመስከረም 15 ቀን 2008 ስምምነቱ ተፈርሞ በየካቲት 2009 የተቃዋሚው መሪ ሞርጋን ቻንጊራይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ጦሩና የጸጥታው መዋቅር ግን በፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤ ወገን እጅ ቀረ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርን ከሁለቱ ወገን የተሾሙ ሁለት ሚኒስትሮች በጋራ እንዲመሩት ተደረገ፤ ይህ በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ቢመስልም፣ በጠመንጃ ደረጃ ሚዛኑን አልለወጠውም። እንዲህ ዓይነቱ መንግሥት በአብዛኛው በጦርነት አይፈርስም፤ ደካማው ወገን ግን ከውስጥ እየተሸረሸረ ይሄዳል። በ2013ቱ ምርጫ የሙጋቤ ወገን ሙሉ ሥልጣኑን መልሶ ያዘ።

ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው ዓይነት ሁለት ጦር በአንድ ከተማ ውስጥ የሚኖርበት ነው። ደቡብ ሱዳን በነሐሴ 2015 የአማጺው ወገን መሪ ሪክ ማቻር እዚሁ አዲስ አበባ፣ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ደግሞ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጁባ ላይ በፈረሙት ስምምነት የሥልጣን ክፍፍሉን ጀመረች። ማቻር በሚያዝያ 26 ቀን 2016 የራሳቸውን ወታደሮች አስከትለው ጁባ ገቡ። ጦሮቹ ሳይዋሐዱ መሪዎቹ ተቀራርበው መኖር ጀመሩ፤ ሁለት ወር ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በሐምሌ 8 ቀን፣ ሁለቱ ሰዎች በቤተ መንግሥት ተቀምጠው ሳሉ ጠባቂዎቻቸው በውጭ ተታኮሱ። ከተማይቱ ለቀናት የጦር ሜዳ ሆነች፤ ማቻርም በእግራቸው ወደ ኮንጎ ሸሹ። በውስጥ የነበሩት መሪዎች ምን እያሉ እንደነበር ለዚህ ውጤት ለውጥ አላመጣም።

ስለዚህ «ጦሩን እናዋሕዳለን» የሚለውን አንቀጽ ስታነቡ ቁጥሩንና ቀኑን በጥንቃቄ ያዙ። በመስከረም 12 ቀን 2018 እንደገና አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የታደሰ ስምምነት 83,000 አባላት ያሉት የተዋሐደ ኃይል እንዲመሠረት የታቀደበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች የተመረቁት ግን በነሐሴ 2022 መጨረሻ፣ ማለትም ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መመረቅ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ ማግኘት፣ ደመወዝ ማግኘትና በአንድ አዛዥ ሥር መሰማራት ደግሞ ሌላ ነው። በደብተራችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ መዝግቡ፤ ዜናው ብዙ ጊዜ የምርቃቱን ሰልፍ አሳይቶ ያበቃልና።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በሰኔ 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ጉባኤ 87 መቀመጫ ያለው የሽግግር ምክር ቤት ሲቋቋም ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 መቀመጫ ነበራቸው። ታጣቂዎችን ወደ ካምፕ የማስገባቱ ጉዳይ ከተጀመረ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ሰኔ የምርጫ ዋዜማ ኦነግ ራሱን ከምርጫውም ከመንግሥቱም አገለለ፤ ውጊያም ተከፈተ። በዚያ ዘመን ወጣት መምህር ነበርኩ፤ በየዕለቱ የምንከራከረው ስለ መቀመጫው ብዛት ነበር። ስለ ካምፖቹ የጠየቀ ሰው በመካከላችን እንደነበረ አላስታውስም።

ሹም ሽር፦ የማን ፊርማ ጎደለ?

ሁለተኛው የምትከታተሉት መስመር ሹመትና ሽረት ነው። እዚህ ላይ የምሰጣችሁ ምክር ቀላል ነው፦ ማን ተሾመ ከማለታችሁ በፊት፣ ሹመቱ የማንን ስምምነት ይጠይቅ ነበር፣ ያ ሰው ፈርሟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የኬንያው ስምምነት የጸናው ከፊል ምክንያት ይህ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን ሊያነሷቸው አይችሉም ነበር፣ ሥልጣኑ የፓርላማው ነበር፤ ይህም በሕግ ተጽፎ ነበር።

የደቡብ ሱዳንን የ2018ቱን ውል ስታነቡ ድልድሉ በቁጥር ቁልጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፦ ከ35ቱ ሚኒስትሮች 20 ለፕሬዚዳንቱ ወገን፣ 9 ለማቻር ወገን፣ የቀሩት 6 ለሌሎች ፈራሚዎች፤ ከ550 የምክር ቤት መቀመጫዎች 332 ለመጀመሪያው፣ 128 ለሁለተኛው፤ ከፕሬዚዳንቱ በታች አምስት ምክትል ፕሬዚዳንቶች። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ስናይ ወንበሮቹን መቁጠር ይቀናናል። ከወንበሩ ብዛት ይልቅ ግን የወንበሩን ዓይነት መዝኑ። መንግሥቱ በየካቲት 22 ቀን 2020 ሲመሠረት በተደረሰው ድልድል መከላከያ ሚኒስቴር ለማቻር ወገን፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ደግሞ ለፕሬዚዳንቱ ወገን ደርሶ ነበር። በመጋቢት 2023 ፕሬዚዳንቱ የመከላከያ ሚኒስትሯን አንጀሊና ቴኒን በድንጋጌ ሽረው መከላከያን ወደ ራሳቸው ወገን ወሰዱ፤ በምትኩ የአገር ውስጥ ጉዳይን ሰጡ። የወንበሩ ቁጥር አልተለወጠም፤ ዘጠኙ ዘጠኝ እንደሆነ ቀረ። ድልድሉን ለመለወጥ የሁለት ወገን ስምምነት ያስፈልግ የነበረ ሲሆን የአንድ ሰው ፊርማ በቃው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም አንቀጽ በዚያው መንገድ ሊለወጥ እንደሚችል ሁሉም ወገን አወቀ። በእኔ ደብተር ይህ ቀን ከብዙ ግጭቶች ይልቅ በደማቁ ተሰምሮበታል።

ከዚያም ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የ2015ቱ ስምምነት የተሠራው አገሪቱ አሥር ግዛቶች እንዳሏት ተቆጥሮ ነበር፤ ፊርማው ሳይደርቅ፣ በጥቅምት 2015፣ ግዛቶቹ 28 እንዲሆኑ በድንጋጌ ተወሰነ። ይህ የሁለት ሰዎች ጠብ አይደለም፤ የተካፈሉትን ማዕድ ከተቀመጡበት ሳይነሱ መልሶ መቁረስ ነው። በ2020 መንግሥቱ ሊመሠረት የቻለው ወደ አሥሩ ግዛቶች መመለስ ከተስማሙ በኋላ ነበር።

ሌላው ምልክት የዋናውን ሰው ትቶ ተከታዩን መያዝ ነው። በዚምባብዌ ለምክትል ግብርና ሚኒስትርነት የታጩት የቻንጊራይ ፓርቲ ሰው ሮይ ቤኔት ሚኒስትሮች ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት ታሰሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ የመሪው ሰዎች በተከታታይ ሲታሰሩ ቀጣዩ መሪው ራሱ መሆኑን ገምቱ። በጁባም በመጋቢት 2025 መጀመሪያ የማቻር ባልደረቦች ታሰሩ፤ በዚያው ወር 26ኛው ቀን እርሳቸው በቁም እስር ዋሉ፤ በመስከረም ወር ደግሞ በነፍስ ግድያና በአገር ክህደት ተከሰው ከአንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንትነታቸው ታገዱ።

ሰዓቱ ሲገፋ

የምርጫ ቀን ሲራዘም ሕዝብ የሚናደደው በትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ መራዘም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የደቡብ ሱዳን ሽግግር በግንቦት 2019 በስድስት ወር፣ በኅዳር 2019 በ100 ቀን፣ በነሐሴ 2022 በ24 ወር፣ በመስከረም 2024 እንደገና በ24 ወር ተራዝሟል። ከአራቱ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ሁለተኛው ነው፤ መቶው ቀን አጭር ነበር፣ አንድ የተወሰነ ጉዳይ ለመፍታት የተሰጠ ነበር፣ ሲያበቃም መንግሥቱ ተመሠረተ። ሁለት ዓመት በአንድ ጊዜ ሲጨመር ግን ሥራው ምን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ የተጨመረው ሥልጣን እንጂ ጊዜ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ መጠንቀቅ የሚገባው የርክክብ ቀን ሲቃረብ ነው። በሱዳን በነሐሴ 2019 በተፈረመው የሕገ መንግሥት ሰነድ 11 አባላት ያሉት የሉዓላዊነት ምክር ቤት ሲቋቋም፣ የመጀመሪያውን ዙር ወታደሮቹ፣ ቀጣዩን ሲቪሎቹ እንዲመሩት ተስማምተው ነበር፤ በዚያ ድርድር የአፍሪካ ኅብረትና የኢትዮጵያ አደራዳሪዎች ደክመዋል። የሊቀመንበርነቱ መንበር ወደ ሲቪሎቹ የሚተላለፍበት ጊዜ እየቀረበ ሳለ፣ በጥቅምት 25 ቀን 2021 ጦሩ መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። በደብተራችሁ የርክክብ ቀን ካለ ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስት ወራት በቀይ አክብቡ።

ዋሱ የት ሄደ?

ዋስ የተባለው አካል ራሱ ምን ላይ እንዳለ በየጊዜው ማጣራት ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው። የ2018ቱ የደቡብ ሱዳን ውል አደራዳሪ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የሆነው ኢጋድ ሲሆን፣ ሱዳንና ኡጋንዳ በዋስነት ቆመው ነበር። ሱዳን በሚያዝያ 2023 በራሷ ጦርነት ተዘፈቀች። ኡጋንዳ ደግሞ በመጋቢት 2025 የፕሬዚዳንቱን ወገን ለመደገፍ ወታደሮቿን ጁባ አስገባች። ከሁለቱ ዋሶች አንዱ ቤቱ ተቃጠለ፣ ሌላኛው ከተዋዋዮቹ አንዱን ወግኖ ቆመ ማለት ነው። በእኛ አገር ሽምግልና ዋስ ከሞተ ወይም ካደላ ሌላ ዋስ ይጠራል፤ እዚያ ሌላ አልተጠራም። ይህን መስመር ያላዩ ሰዎች በ2025 የሆነውን እንደ ድንገተኛ ነገር ቆጠሩት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ካዝናው በማን ፊርማ እንደሚከፈትና ወታደር ደመወዝ ማግኘቱን ብቻ መዝግቡ። በየካቲት 2024 በሱዳን ጦርነት ምክንያት የደቡብ ሱዳን ዋናው የነዳጅ ቧንቧ ሥራ ሲያቆም፣ ገቢዋን ከነዳጅ ላይ ላደረገች አገር ይህ ከማንኛውም ንግግር የሚብስ ዜና ነበር፤ ደመወዝ ያጣ ወታደር ለቀድሞ አዛዡ እንጂ ለጋራ መንግሥት አይታዘዝም።

የማያስደነግጡ ነገሮች

ከካቢኔ ረግጦ መውጣት ብዙውን ጊዜ የመደራደሪያ ስልት ነው። በጥቅምት 2007 የደቡቡ ወገን ፓርቲ የሆነው የሱዳን ሕዝብ ነፃነት ንቅናቄ ሚኒስትሮች ከካርቱም ጥምር መንግሥት ወጥተው በታኅሣሥ ተመለሱ፤ የቻንጊራይ ፓርቲም በጥቅምት 2009 ከካቢኔ ስብሰባ ቀርቶ ከሳምንታት በኋላ ተመልሷል። በሰሜን አየርላንድ በ1998ቱ ስምምነት መሠረት አንደኛ ሚኒስትሩና ምክትሉ እኩል ሥልጣን አላቸው፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው አብሮ ይወርዳል፤ በዚህ ምክንያት መንግሥቱ ከ2017 እስከ 2020፣ እንደገና ከ2022 እስከ 2024 ሳይሠራ ቀርቷል። ያም ሆኖ ወደ ቀድሞው ጦርነት አልተመለሱም። ረግጦ የወጣ ሰው ውሉን የሚጠቅስ ከሆነ ገና በውሉ ውስጥ ነው። ውሉን ማንሳት ትቶ ቤተሰቡን ከዋና ከተማው ሲያወጣ፣ ጠባቂዎቹን ሲያበዛ፣ ስብሰባው የት ይሁን በሚለው ላይ መከራከር ሲጀምር ግን ሁኔታው ሌላ ነው።

ደብተሩን በየዕለቱ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ዕለታዊ ዜና ሰውን ያናውጣል እንጂ አያስተምርም። በወር አንድ ጊዜ ተቀመጡ፤ ለብቻ ሳይሆን፣ ከተቻለ ከሁለቱም ወገን የሚያዝን ሰው ባለበት። በአንድ ወገን ጥፋት ብቻ የተሞላ ገጽ ካያችሁ ጠርጥሩት፤ በእኔ ደብተር የተቃዋሚው ወገን ታጣቂዎች ያፈረሱት የተኩስ አቁምም የራሱ መስመር አለው። ከዚያ አራት ነገር ጠይቁ፦ ሁለት ጦር በአንድ ከተማ አለ ወይ? ባለፈው ወር በአንድ ወገን ፊርማ ብቻ የተለወጠ አንቀጽ አለ ወይ? የመሪው ተከታዮች እየታሰሩ ነው ወይ? ዋሱ በቦታው አለ ወይ? ከአራቱ አንዱ ሲታይ ተጠንቀቁ፤ ሦስቱ በአንድ ወር ሲገጥሙ ዘመድ ያለው ሰው መወሰን አለበት።

በመጋቢት 2025 መጀመሪያ፣ በደቡብ ሱዳኗ የናስር ከተማ ውጊያ በተሰማበትና የማቻር ባልደረቦች በታሰሩበት ሳምንት፣ ያ አባት እንደ ልማዱ መጣ። ደብተሩን ከፍተን አራቱን ጥያቄዎች በየተራ አነበብንለት። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ተነሥቶ ወደ ደረጃው ጥግ ሄደና ደወለ፤ ልጁም በሳምንቱ በአውሮፕላን ገባ።